ሃያ አራት ካርቶንና የጋሽ ብሎን ፍሬን

ሰኞ፣ ቀን 2

መምህርታችን «በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጻፉ፣ እጃችሁ ይፍታታ» ብላ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ደብተር አደለችን። የኔ እጅ መፍታታት የሚያስፈልገው እጅ አልነበረም። ግን እሷን ላለማስቀየም እጽፋለሁ።

እንግዲህ ደብተሬ፣ እንተዋወቅ። ሥራዬ የወለል ሴራሚክ መጋዘን ውስጥ ጋሪ መግፋት ነው። አንዱ ካርቶን ሃያ አምስት ኪሎ ይመዝናል። ሌላው ሁለት ሆኖ የሚያወርደውን ብቻዬን ስለማወርድ ስሜ ክሬን ሆኖ ቀርቷል። እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያውቁት ደሞዝ ከፋይዋና ባለቤቴ ብቻ ናቸው፤ ባለቤቴም የምትጠራኝ ስትቆጣ ነው።

በአርባ አንድ ዓመቴ ፊደል ቆጠርኩ። ስምንት ወር ፈጀብኝ። መምህርቷ «ፈጣን ነህ» ብላኛለች። ለሌሎቹም ብላ ይሆናል፤ እኔ የሰማሁት ግን ለኔ ያለችውን ነው።

ረቡዕ፣ ቀን 4

ጠዋት ከቤት እስከ ሥራ ያለውን ሁሉ እያነበብኩ ሄድኩ። መድኃኒት ቤት። ጫማ ይታደሳል። እዚህ ግድግዳ ላይ መሽናት ክልክል ነው። ይቺን የመጨረሻዋን ስንት ዓመት ሙሉ ሳላነብ... ይቅር፣ አልጽፈውም።

ጋሪዬ ጎን ላይ የተበየደች ትንሽ ታርጋ አለች። አምስት ዓመት ጌጥ ትመስለኝ ነበር። ዛሬ ተንበርክኬ አነበብኳት፤ መጋዘኑ በሙሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ። «ከ12 ካርቶን በላይ መጫን ክልክል ነው።»

«ጋሼ፣ አንተን ነው የምትልህ» አለኝ አማቼ፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም። እሱ የኛ ቆጣሪ ነው፤ የመጣውን ካርቶን ቆጥሮ መዝገብ ላይ ያሰፍራል።

«‹ክሬንን አይመለከትም› ብለው መጨመር ረስተው ነው» አልኩት። ሁሉም ሳቀ።

አሠራራችንን ልጻፈው፣ የልጅ ልጆቼ ያንብቡት። ከበሩ ጀምሬ ጋሪውን ሮጥ እያልኩ እገፋለሁ። ሁለተኛው መስኮት ጋ ስደርስ ሩጫዬ ይሞላል። አረንጓዴው ዓምድ ጋ የፍሬኑን እጀታ እስባለሁ፤ ላስቲኩ ጎማውን ይጫነዋል፤ ጋሪው አራት የሲሚንቶ ካሬ ሄዶ ቢጫው መስመር ላይ ቀጥ ይላል። እያንዳንዱ ካሬ አንድ ረጅም እርምጃ ነው። ከመስመሩ ሁለት ካሬ አልፎ የአማቼ ጠረጴዛ አለ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ይጽፋል። ዞሮ እንኳ አያየኝም፤ «ሲቆም እሰማዋለሁ» ይላል።

ፍሬኑን የሚሠራው ጋሽ ብሎን ነው፣ የመጋዘኑ ጠጋኝ። ሽማግሌ ነው፣ ኪሱ ሁሌ በብሎን ስለሚንኳኳ ነው እንዲህ ያልነው። እንደኔ ያለ ጉልበተኛ እጀታውን እንዳይሰብርበት ከልኩ እንዳያልፍ መቆሚያ ብሎን አስሮበታል። «አንተም ሳብከው ሚስትህም ሳበችው፣ የሚይዘው እኩል ነው» ይለኛል። ቅር ይለኛል። ጉልበቴን ምን ላድርገው ታዲያ?

አርብ፣ ቀን 6

ፈተና አለን። ማክሰኞ በአሥራ አንድ ሰዓት። አንደኛ እንደምወጣ ዛሬውኑ እዚህ ላይ አስፍሬያለሁ።

ከፊቴ የምትቀመጠው ልብስ ሰፊ ዞራ «ክሬን፣ እርሳስ ከካርቶን ይከብዳል አይደል?» አለችኝ። መልስ አላጣሁም። ቤት ከገባሁ በኋላ መጣልኝ እንጂ።

ማክሰኞ፣ ቀን 10

አማቼ እግሩ ተሰበረ።

ጋሪው አልቆመም። ፍሬኑ አልያዘም።

የምጽፈው ሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ፈተናው ቀረ። ባለቤቴ እየመጣች ነው። ምን ብዬ

ፍሬኑ አልያዘም።

ረቡዕ፣ ቀን 11

ዛሬ ተረጋግቼ ልጻፈው።

የቀኑ መጨረሻ ጭነት ነበር። አሥር ሰዓት ተኩል አልፏል። እንደ ወትሮው ጫንኩ፣ እንደ ወትሮው ገፋሁ። ጋሪው ግን ትናንት ሰነፈብኝ። ሁለተኛው መስኮት ጋ መሙላት የነበረበት ሩጫ እስከ አራተኛው መስኮት አልሞላ አለ። ግሪሱ ደርቆ ይሆናል ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ ገፋሁት። ዓምዱ ጋ እጀታውን እስከ ብሎኑ ሳብኩ። ላስቲኩ ጮኸ። ጋሪው ግን ቢጫውን መስመር ረግጦ አለፈ። «ዞር በል» ብዬ ጮኬ ነበር። አማቼ ሲቆም ነበር መስማት የለመደው።

ቅልጥሙ ሁለት ቦታ ነው የተሰበረው። ሦስት ወር ብለዋል።

ጠረጴዛው አጠገብ የተደረደሩት ካርቶኖችም አብረው ተደረመሱ። ወለሉ ስብርባሪ ብቻ ሆነ፤ የትኛው ከጋሪው፣ የትኛው ከድርድሩ እንደወደቀ ማን ይለያል። አለቃም አልጠየቀኝም።

የጠየቀኝ የተፈጠረውን እንዳስረዳ ነው። «ጸሐፊዋን ልጥራልህ?» ሲለኝ «ለምን ሲባል፣ ራሴ እጽፋለሁ» አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለመሥሪያ ቤት ጻፍኩ። «ዓምዱ ጋ ስደርስ ፍሬኑን ሳብኩ። ፍሬኑ አልያዘም።» ከታች ስሜን፣ በሙሉ፣ እናቴ ባወጣችው። አለቃ አየት አድርጎት «ጽሑፍህ ያምራል» አለኝ።

ያምራልም።

ቅዳሜ፣ ቀን 14

አማቼን እኛ ቤት አመጣነው። ብቻውን ነው የሚኖረው፣ ማን ያስታምመዋል። ሳሎን ውስጥ መስኮቱ ሥር ተኝቷል። እግሩ ጄሶ ሆኖ ትራስ ላይ ተሰቅሏል። ላስቀው ሞከርኩ፤ «በነጭ ሴራሚክ ለብጠውሃል፣ ካርቶን ሙሉ ዕቃ ሆነሃል» አልኩት። ፈገግ አለ። ከዚያ ትኩር ብሎ አየኝ።

ባለቤቴ ጓዳ ሆና ለጎረቤቷ ስትናገር ሰማኋት። «ያ ሽማግሌ ዓይኑ ካላየለት ቤቱ አይቀመጥም? የሰው ልጅ አካል አጉድሎ በሰላም ይተኛል?»

ገብቼ «ተይው፣ ሰው ነው፣ ይሳሳታል» አልኳት።

«አንተ ደግሞ ልብህ ሰፊ ነው» አለችኝና ሻይ ቀዳችልኝ። አፌን አቃጠለኝ። አልጨረስኩትም።

ማክሰኞ፣ ቀን 17

ጋሪው ጥግ ተገፍቶ በገመድ ታስሯል። ጋሽ ብሎን ዛሬም ፍሬኑን ፈታው። ሦስተኛው መሆኑ ነው። ካርቶን አንጥፎ ብሎኖቹን በተርታ ደረደራቸው።

«ላስቲኩ አዲስ ነው» አለ፣ ለኔ ይሁን ለራሱ እንጃ። «መቆሚያው እንደጠበቀ ነው። ሽቦው አልላላም። እጄ ከድቶኝ ካልሆነ በቀር...» ሁለት እጁን አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዛቸው። አገላብጦ አያቸው።

«ጋሽ ብሎን፣ እጅህ ሊከዳህ ቢል ብሎኖቹ መች ይለቁታል» አልኩት። እሱ አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም።

ከቢሮው በር ሥር ሳልፍ አለቃ ሲናገር ሰማሁ። «ጡረታው ሊደርስ ሰባት ወር ቀርቶት ነበር እኮ። አሁን በጥፋት ነው የሚሰናበተው። ምን ላድርግ፣ ገፊው ጽፎ ፈርሟል።»

ገፊው እኔ ነኝ። ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ አርብ ቀን 27 ይቀመጣል።

ሐሙስ፣ ቀን 19

ትምህርት ቤት ሄድኩ። ያመለጠኝን ፈተና ለብቻዬ ተፈተንኩ። ሃያ ላይ አሥራ ስምንት። ደስታው የት እንደገባ አላውቅም።

ከዚያ ሳይንስ ነበር። መምህርቷ የቢሮውን ባለጎማ ወንበርና አንድ የሽቦ ሚዛን አመጣች፤ ሥጋ ቤት የሚሰቅሉት ዓይነት፣ ሲስቡት መርፌው የሚሄድ። ሚዛኑን ወንበሩ ላይ አሰረችና ልብስ ሰፊዋን አስቀመጠቻት። «መርፌው ሦስት ላይ እንዳለ እስባለሁ፤ እንዳይጨምር እንዳይቀንስ ተመልከቱልኝ» አለች። ሳበች። ወንበሩ ወዲያው ፍጥነት አገኘና ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷን ይዛ ጮኸች።

«አሁን ደግሞ ክሬን።»

ተቀመጥኩ። መርፌው ያው ሦስት ላይ ነው። ወንበሩ እያዛጋ ተነሳ። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። ከዚያ ልብስ ሰፊዋን የወንበሩ ክንድ ላይ ጨመረቻት። ጭራሽ ኤሊ ሆንን።

ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦ ጉልበት = መጠነ ቁስ × ሽምጠት።

መጠነ ቁስ ማለት ዕቃው ውስጥ ያለው የቁስ ብዛት ነው፤ በኪሎ ይለካል። ሽምጠት ደግሞ ፈረስ ሲሸመጥጥ እንደምንለው ነው፤ ፍጥነት ምን ያህል ቶሎ እንደሚለወጥ። «የምስበው ጉልበት ሳይለወጥ መጠነ ቁሱ እጥፍ ቢሆን ሽምጠቱ ግማሽ ይሆናል» አለች። «ፍጥነት የሚያገኘው በዝግታ ነው ማለት ነው።»

አራተኛው መስኮት ትዝ አለኝ።

እጄን አወጣሁ። ሁሉም ቀልድ ሊያመጣ ነው ብሎ ዞረ። «ለማቆምስ?» አልኩ።

«ለማቆምም ያው ነው። መቆም ማለት ፍጥነት ሲቀንስ ነው፤ እሱም ሽምጠት ነው፣ ወደ ኋላ የዞረ። ፍጥነትህም የያዘህ ጉልበትም ያው ከሆነና አንተ እጥፍ ከከበድክ፣ የምትቆመው እጥፍ ርቀት ሄደህ ነው።»

«ጠንካራ ሰው ቢይዘውስ?»

«ጉልበቱ ከጨመረ ይለያል። ካልጨመረ ግን ሰውየው ማንም ቢሆን ያው ነው።»

አንተም ሳብከው ሚስትህም ሳበችው።

«ክሬን ዝም አለ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ታሪክ ነው፣ ጻፉት።»

አርብ፣ ቀን 20

ወንበር ወንበር ነው። ጋሪ ጋሪ ነው። መምህርቷ ጋሪ ገፍታ አታውቅም።

እሁድ፣ ቀን 22

ጋሽ ብሎን ቤት መጣ።

በር የከፈትኩት እኔ ነኝ። የእሁድ ልብሱን ለብሷል። በጋዜጣ የጠቀለለው ነገር ይዟል። ሲፈታው ሁለት ምርኩዝ፤ ከቧንቧ ብረት ራሱ በይዶ የሠራቸው፣ ብብት ሥር የሚገባው ቦታ ላይ ላስቲክ የለበሱ። ላስቲኩን አውቀዋለሁ። የፍሬን ላስቲክ ነው።

አማቼ አልጋ አጠገብ ቆሞ «ልጄ፣ ምኑን እንዳጠፋሁ ፈልጌ አላገኘሁትም» አለው። «ግን አንተ ተሰብረሃል። ስለዚህ አጥፍቻለሁ። ይቅር በለኝ።»

አማቼ የሽማግሌውን እጅ ያዘ። ዓይኑ ግን እኔ ላይ ነበር።

ባለቤቴ ከጓዳ አልወጣችም። ሰላምታም አልሰጠችውም። ሲሄድ እስከ በር ሸኘሁት። ደረጃው ላይ ዞር ብሎ «አንተም ደንግጠሃል፣ ከስተሃል» አለኝ።

ለኔ አዘነልኝ።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ።

ሰኞ፣ ቀን 23

ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ረቡዕ ቀን 4። «ከ12 ካርቶን በላይ መጫን ክልክል ነው።» በራሴ እጅ፣ አሳምሬ።

ገጹን ልቀድደው ያዝኩት። ደብተሩ በሽቦ የተሰፋ ነው፤ አንዱ ሲቀደድ ከወዲያ በኩል ሌላ ገጽ ይላቀቃል። ያኛው ገጽ ገና ባዶ ነበር። ያዝኩት፣ ያዝኩት፣ ለቀቅኩት።

እሺ። እጽፈዋለሁ።

ሃያ አራት ካርቶን ነበር የጫንኩት። ፈተና ነበረኝ። በሁለት ዙር የሚመጣውን በአንድ ካመጣሁ እደርሳለሁ ብዬ ነው። እሱ ብቻ ቢሆን ደህና። የመጨረሻዎቹን ስጭን ሁለቱ ገፊዎች ቆመው ያዩኝ ነበር፤ «ትችለዋለህ?» ሲሉኝ «እዩኝ» አልኳቸው። እነሱ ከዚያ ወደ ጓሮ ወጡ። ማንበብ አይችሉም፣ ታርጋዋን ጮክ ብዬ ያነበብኩ ቀንም አልነበሩም፤ አሥራ ሁለት መሆኑን አያውቁም። እኔ አውቃለሁ።

መጀመሪያ ለማወቅ እፈልጋለሁ። ፍሬኑ በእርግጥ ጥፋት እንደሌለበት በዓይኔ ካየሁ፣ አርብ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ከዚህ ወዲያ ማፈግፈግ የለም።

ማክሰኞ፣ ቀን 24

በምሳ ሰዓት ለካሁ።

ዘበኛውን «ለኮሚቴው ነው» አልኩት፣ ውሸትም አይደለም። ጋሽ ብሎን ፍሬኑን እንደነበረው መልሶ ገጥሞታል፤ ጋሪውን ከገመዱ ፈትተን፣ ጠረጴዛውን አንስተን ጋሪ የምገፋበትን ኮሪደር ባዶ አደረግን። ዘበኛው ጫፉ ላይ ጠመኔ ይዞ ቆመ፤ «እኔን ደግሞ እንዳትደግመኝ» አለ፣ ወደ ግድግዳው እየተለጠፈ።

መጀመሪያ አሥራ ሁለት ካርቶን። ሩጫዬ ሁለተኛው መስኮት ጋ ሞላ። ዓምዱ ጋ እጀታውን እስከ ብሎኑ። አራት ካሬ፤ ቢጫው መስመር ላይ ቀጥ።

ያው ጋሪ። ያው ፍሬን። ፍሬኑ ይዟል።

ከዚያ ሃያ አራት። ስገፋ ክንዴ ወዲያው አወቀው። ያን ቀንም አውቆት ነበር፤ ግሪስ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ሩጫው የሞላው አራተኛው መስኮት ሊደርስ ሲል ነው። እጀታውን ሳብኩ። አራተኛው ካሬ አለፈ። አምስት። ስድስት፤ እዚህ ላይ ነው ጀርባውን ሰጥቶኝ የሚጽፈው። ሰባተኛው ላይ ቆመ።

ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ሦስቱንም ሰባት።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እጥፍ ከሆነ ስምንት መሆን አልነበረበትም? ነገ መምህርቷን እጠይቃለሁ። ሒሳቡ ተሳስቶ ከጥፋት ነፃ ብወጣስ የሚል ክፉ ሐሳብ ትንሽ ሽው አለብኝ። አልደብቅም።

ረቡዕ፣ ቀን 25

መምህርቷ ወረቀቱን አየችና «ጋሪው ራሱ አይመዝንም?» አለችኝ።

ወይ ጉድ። አምስት ዓመት የገፋሁትን ጋሪ ረሳሁት።

ባዶው ጋሪ መቶ ኪሎ ነው። አሥራ ሁለት ካርቶን ሦስት መቶ፤ ተደምሮ አራት መቶ። ሃያ አራቱ ስድስት መቶ፤ ተደምሮ ሰባት መቶ። አራት መቶ ኪሎ፣ አራት ካሬ። ሰባት መቶ ኪሎ፣ ሰባት ካሬ። ቁጥሩ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

«ይህን ለምንድነው የፈለግከው?» አለችኝ። ነገርኳት። ከሰው ሁሉ በፊት ለሷ። ጠመኔዋን አስቀመጠች። አልተቆጣችኝም፣ አላጽናናችኝምም። «አርብ የምታሳያቸው ከሆነ ካርቶኑን እነሱ ይቁጠሩት፤ አንተ አትቁጠር» አለችኝ።

ዕድሜ ልኬን ጉልበት ካለ ሁሉ አለ ስል ኖሬያለሁ። ሰሌዳው ላይ ከተጻፉት ከሦስቱ አንዷን ብቻ ነበር የማውቃት።

ሐሙስ፣ ቀን 26

ከሥራ እንደገባሁ አማቼ አጠገብ ተቀመጥኩ። በርጩማዋ ዝቅ ያለች ናት፤ ክሬን የሚባል ሰው በርጩማ ላይ ሲቀመጥ ያስቃል። አልሳቀም።

«ያን ቀን ጋሪው ላይ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ሃያ አራት» አለ።

ቀና ብዬ አየሁት።

«ጋሼ፣ ቆጣሪ ነኝ እኮ። ከጠረጴዛዬ አጠገብ ስንት ካርቶን እንዳለ መዝግቤ ነበር። ወለሉ ላይ ተኝቼ እስኪያነሱኝ ድረስ የፈረሰውን ቆጠርኩ፤ ከመዝገቤ የተረፈው የአንተ ጋሪ ነው። ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«እስክትነግረኝ ነበር። እሁድ ሽማግሌው ሲመጣ አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅኩህ። ሳትናገር ሸኘኸው።» ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ነገም ዝም ብትል እኔ ልናገር ነበር። እህቴ ምን ትሆናለች እያልኩ ነው እንጂ።»

እህቱ በሩ ላይ ቆማለች። ትሪ ይዛለች። ስንት እንደሰማች አላውቅም፤ ሁሉንም መሰለኝ። በሙሉ ስሜ ጠራችኝ። ትሪውን ለወንድሟ ሰጥታ ወጣች። የኔ ሻይ ጓዳ ቀረ።

ነገ አርብ ነው። ልብሴን ራሴ ተኮስኩ። አንገትጌው ጋ አቃጠልኩት። ቢሆንም እለብሰዋለሁ።

አርብ፣ ቀን 27

ሁሉንም ልጻፍ፣ አንድም ሳይቀር።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። ጋሽ ብሎን ጥግ ወንበር ላይ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አለቃ የኔን ጽሑፍ አነበበ። «ፍሬኑ አልያዘም።» ሲያነበው እንዴት አጭር ነው።

«የምትጨምረው አለ?» አለኝ።

«አለ። ግን በአፌ አይደለም። ተነሱና ኮሪደሩ ጋ እንሂድ።»

«ክሬን፣ ዛሬ ቀልድ አያስፈልግም» አለ አለቃ።

«ዛሬ አልቀልድም።»

ሄዱ። ካርቶኑን ራሳቸው ቆጠሩ። አሥራ ሁለት ሲሆን አራት ካሬ። ሃያ አራት ሲሆን ሰባት። አለቃ «ድገመው» አለ። ደገምኩት። ስድስተኛው ካሬ ላይ ባዶ ካርቶን አቁመን ነበር፤ ጋሪው ጨፈለቀው። ካርቶኑ ሲጨፈለቅ ሁሉም ድምፁን ሰማ።

«ያን ቀን ሃያ አራት ነበር የጫንኩት» አልኩ። «ፍሬኑ ጥፋት የለበትም። ፍሬኑ የሚችለውን ያህል ይዟል። ሰባት መቶ ኪሎ አምጥቼ በአራት ካሬ አቁምልኝ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ብሎንን ላየው አልደፈርኩም።

ቢሮ ተመለስን። አለቃ ፊቱን በእጁ አሸት አሸት አደረገ። አምስት ዓመት አብረን ሠርተናል፣ አይጠላኝም። ጸሐፊዋ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር አንሾካሾከችለትና ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ከዚያ ወደኔ ዞራ ለዘብ ብላ «ታርጋው ላይ የተጻፈውን... ያኔ ማንበብ አትችልም ነበር አይደል? ገና ተማሪ ነህ። እንደሱ ብዬ ልጻፈው፣ ቅጣቱ በጣም ይቀልልሃል» አለችኝ።

በሩ ክፍት ነበር። በዚያ ሹልክ ማለት ይቻላል። አርባ አንድ ዓመት ማንበብ አይችልም ሲባል የኖረ ሰው ስድስት ቀን ቢጨመርበት ማን ያውቅበታል። ማንበብ አለመቻሌ ለአንድ ቀን እንኳ ጠቅሞኝ አያውቅም፤ ዛሬ ሊጠቅመኝ መጣ።

«እችል ነበር» አልኩ። «ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት። ወረቀቱን ስጪኝ፣ ራሴ እጽፈዋለሁ።»

ሰጠችኝ። እንዲህ ጻፍኩ።

«ታርጋውን ረቡዕ ቀን 4 አንብቤዋለሁ። ማክሰኞ ቀን 10 ሃያ አራት ካርቶን ጫንኩ። ፍሬኑ ይዟል። በፊት የጻፍኩት ውሸት ነው።»

ጽሑፉ አላማረም። «ውሸት» የሚለው ከመስመሩ ወጥቶ ሸርተት ብሏል። ስሜን ከታች ጻፍኩ።

ስድስት ወር ጋሪ አልነካም። መጥረጊያ ተሰጠኝ። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያም ተጽፎብኛል፤ ራሴ አንብቤ ፈረምኩ። ጋሽ ብሎን ነፃ ነው። ኮፍያውን አድርጎ አጠገቤ አለፈ። አላየኝም።

ሰኞ፣ ቀን 30

እየጠረግኩ ነው። አንዱ ገፊ «ክሬን ወደ መጥረጊያ ተቀየረ» አለ። ሳቅኩለት። ከዚያ ጋሪው ጋ ወስጄ ታርጋውን በጣቱ እያስነካሁ አነበብኩለት። ለምን አሥራ ሁለት እንደሆነም ነገርኩት። «ጋሪው ራሱስ?» አለኝ። ከኔ ይሻላል።

ባለቤቴ አሁንም በሙሉ ስሜ ነው የምትጠራኝ። ትናንት ግን ጋሽ ብሎን ቤት ብቻዋን ሄዳ ነበር። ምን እንዳለችው አልነገረችኝም። ዛሬ ሻይ ቀዳችልኝ። ፊቴ ላይ አላስቀመጠችውም፤ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ነው። ተነስቼ ወሰድኩት።

ሐሙስ፣ የአዲሱ ወር ቀን 10

አማቼ በምርኩዞቹ ከአልጋው እስከ በሩ ሄደ። «ዘጠኝ» አለ በሩ ላይ ሲደርስ። እርምጃውን እየቆጠረ ነበር።

ጋሽ ብሎን ዛሬ ወደኔ መጣ። ከኮሚቴው ወዲህ አንድም ቃል አልተነፈሰኝም ነበር። መጥረጊያዬን አቆምኩ። ስድብም ይሁን ጥፊ ልቀበል ተዘጋጀሁ። ኪሱ ተንኳኳ።

«ያን ቀን» አለ፣ «እጀታውን እስከ ብሎኑ ነው የሳብከው?»

«እስከ ብሎኑ።»

«ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው?»

«እስኪቆም ድረስ አልለቀቅኩም።»

«እና ፍሬኔ ያዘ።»

«ያዘ፣ ጋሽ ብሎን። እስከ ሰባተኛው ካሬ ድረስ ይዟል።»

ራሱን ነቀነቀ። ብዙ ጊዜ ነቀነቀ። ከካርቶን ክዳን ላይ ቁራጭ ቀደደና ሰጠኝ። «ይቺን ጻፍልኝ» አለኝ። ማንበብ አይችልም፤ ሠላሳ ዓመት የሠራበትን መጋዘን ስም እንኳ በቀለሙ ነው የሚለየው።

ከጆሮዬ ላይ እርሳሴን አወረድኩ። ግድግዳው ላይ አስደግፌ ቀስ ብዬ ጻፍኩ። ተቀብሎ ራቅ አድርጎ ያዘው፣ እጆቹን ወደ ብርሃኑ አንስቶ ያያቸው እንደነበረው።

«ምን ይላል?»

«‹የጋሽ ብሎን ፍሬን ይዟል› ይላል።»

«ድገመው።»

ደገምኩለት። አጥፎ ብሎኖቹ ያሉበት ኪስ ውስጥ ከተተው።